ጥላ ለቀትር፣ ፀሐይ ለማለዳ

ይህ ምልልስ በሁለት የወሎዋ መካነ ሰላም ከተማ ተወላጆች መካከል የተደረገ ነው። አንደኛው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ሁለተኛዋ የእህታቸው ልጅ ስትሆን አዲስ አበባ ውስጥ በአርክቴክትነት ትሠራለች። ጨዋታው የተጀመረው በሞቃትና ደረቅ አገር የሕዝብ አደባባይ እንዴት መነደፍ አለበት ከሚል ጥያቄ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ወደ ከተማቸው ገበያ ወረደ።

መምህሩ፦ ይህን ሁሉ ወረቀት የተሸከምሽው ለበረሃ ከተማ ነው? ለመሆኑ መካነ ሰላም በረሃ የሆነችው መቼ ነው? እኛ ዘንድ እኮ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ቡቃያ ያቃጥላል።

አርክቴክቷ፦ በረሃ ናት አላልኩም ጋሼ። ደረቅ ናት ነው ያልኩት። ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ በልጉ ካልቀና፣ እስከ ሰኔ ድረስ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ይከርማል። ቀትር ላይ ገበያው መሐል ቆሞ የሚውል ሰው ደግሞ ፊቱ ሲከስል ያዩታል።

መምህሩ፦ እሱስ እውነትሽን ነው። ምክንያቱን ግን ለይተሽ ያዢ፤ አለበለዚያ ንድፍሽ ከሥሩ ይበላሻል። ከተማዋ የተቀመጠችው 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ1000 ሜትሩ አየሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ጨረሩ ግን በተቃራኒው ይበረታል፤ ቆዳ የሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት በየ1000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። እዚህ ሰውን የሚለበልበው ጨረሩ እንጂ አየሩ አይደለም። ለዚህ ነው ፀሐይ ላይ ላብ ያጠመቀው ሰው ጥላ እንደገባ ወዲያው ጋቢውን የሚስበው። ዓባይ ሸለቆ ወርደሽ ሞክሪው፤ እዚያ ጥላው ራሱ ይሞቃል።

አርክቴክቷ፦ ለእኛ ሙያ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ስለ ሞቃትና ደረቅ ከተማ የተጻፈው ሁሉ የሚጀምረው ፀሐይን እንደ ጠላት ቆጥሮ ነው። መንገዱን አጥብብ፣ ግድግዳውን ከፍ አድርግ፣ ሰውን ቀኑን ሙሉ ከፀሐይ ሰውር ይላል። ሐረር ጀጎል የተሠራው እንዲያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ያች ከተማ ጠባብ መተላለፊያዎቿ እርስ በርስ ጥላ ይሰጣጣሉ። የኢራኗ ያዝድም፣ የሞሮኮዋ ማራካሽም በዚሁ መንገድ ነው የኖሩት። ያንን ገልብጠን መካነ ሰላም ላይ ብንተክለው ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሰው በረዶ ቤት የገባ ይመስለዋል።

መምህሩ፦ ጠዋት ማንም ጥላ አይፈልግም። ቅዳሴ አስቀድሰው የወጡትን ሽማግሌዎች አይተሻል? ምሥራቅ የሚያየውን ቅጥር ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። መስጊዱ ደጃፍ የሚቀመጡትም እንደዚያው ናቸው። አምስት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ተነሥተው ወደ ዛፉ ሥር ይሄዳሉ። አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ተመልሰው ፀሐይ ፍለጋ ይወጣሉ። የደጋ ሰው ቀኑን ሙሉ ይዞራል ልጄ። አደባባዩም እንዲዞር መፍቀድ አለበት።

አርክቴክቷ፦ ስለዚህ መሥራት ያለብን ሁለቱም ያለበትን፣ ሰው እንደ ሰዓቱ የሚመርጥበትን ቦታ ነው። ይህን ሲሉት ቀላል ይመስላል፤ ሥራ ላይ ሲውል ግን እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ አደባባዮች አንዱንም አይሰጡም። አንድ ሐውልት፣ አንድ ፏፏቴ፣ ዙሪያውን የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ፣ ከዚያ ጥቂት ዘንባባ።

መምህሩ፦ ዘንባባውን እንዲያው ተይው። ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ፋሽን ሆኗል።

አርክቴክቷ፦ በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ሰፊ የእግረኛ መንገድ አምጥቷል፤ እሱን አልክድም። የብስክሌት መንገድም፣ መቀመጫም መጣ። ወደ ክልል ከተሞችም ተስፋፍቷል። ነገር ግን ዘንባባ አናቱ ላይ ብቻ ነው ቅጠል ያለው። ግንዱ በረዘመ ቁጥር ጥላው ከሥሩ እየራቀ መንገዱ መሐል ይወድቃል። መቀመጫው እታች ፀሐይ ላይ ይቀራል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ስሕተት ይቻል ይሆናል፤ ሰው ካፌ ይገባል። ከዓባይ ቆላ እህል ጭኖ ሌሊቱን ሲወጣ ያደረ ገበሬ ግን የሚገባበት ካፌ የለውም።

መምህሩ፦ የፀሐዩን መንገድ አስልተሻል? እኔ ተማሪዎቼን በየዓመቱ ዱላ ተክዬ ነበር የማስለካቸው።

አርክቴክቷ፦ አስልቻለሁ፤ እርስዎ ያርሙኝ። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ገደማ ላይ ነን። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀትር ላይ አናታችን ላይ ትቆማለች። ሚያዝያ 10 ገደማ አንድ ጊዜ፣ ነሐሴ 19 ገደማ ሁለተኛ ጊዜ።

መምህሩ፦ ልክ ነው። በእነዚያ ቀናት የተተከለ ዱላ በቀትር ጥላ የለውም። በመካከላቸው ደግሞ ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ከሰኔ ወዲያ ግን የክረምቱ ዳመና ይሸፍናታል። በጋውን ሁሉ በደቡብ ናት። ታኅሣሥ 12 ገደማ ቀትር ላይ ከአድማስ ያላት ከፍታ 56 ዲግሪ ያህል ነው።

አርክቴክቷ፦ እሱን ወደ ሜትር ስለውጠው፣ ቁመቱ 4 ሜትር የሆነ ጣሪያ በታኅሣሥ ቀትር ጥላውን ወደ ሰሜን 2 ሜትር ከ70 ሳንቲ ያህል ይገፋዋል። ስለዚህ ወንበሩን ከጣሪያው ሥር መሐል ላይ ከማድረግ ይልቅ ትንሽ ወደ ሰሜን መሳብ ይሻላል። መጠለያው ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ። የምሥራቁ ጫፍ ክፍት ይሁን፣ የማለዳዋ ፀሐይ እንድትገባ። የምዕራቡ ግን ይዘጋ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎንበስ ብላ የምትገባውን ፀሐይ ጣሪያ አይከላከላትም፤ ግድግዳ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ነው የሚያስቆማት።

መምህሩ፦ ነፋሱንስ? በበጋ ከሰዓት የሚነሣው ነፋስ አቧራ ይዞ ነው የሚመጣው።

አርክቴክቷ፦ ነፋሱን ካርታ ላይ አላገኘሁትም። የሸለቆው አፍና የተራራው ትከሻ ያጣምሙታል።

መምህሩ፦ ሻይ የሚሸጡትን ሴቶች ጠይቂያቸው። ከሰሉ በየት በኩል እንደሚጋረድ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አንቺ መሣሪያ ይዘሽ ዓመት ከምትለኪ እነሱ ዘንድ አንድ የገበያ ቀን ብትውይ ይሻልሻል።

አርክቴክቷ፦ እሺ፣ ወደ ገበያው እንምጣ። እኔ ከተማዋ አንድ አደባባይ ብቻ የመሥራት አቅም ቢኖራት፣ መናፈሻ አልሠራም ነበር። ገበያውን ነው የምሠራው። የእህል ተራው፣ የሽንኩርቱ ተራ፣ የከብቱ ተራ። ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጠው የሚውሉት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ልጅ አዝለዋል። አንዷ ጃንጥላ ትተክላለች፣ ሌላዋ ማዳበሪያ ሰፍታ በአራት እንጨት ትወጥራለች።

መምህሩ፦ ሼድ ተሠርቶላቸው ነበር እኮ በየከተማው። ቆርቆሮው ዝቅ ብሎ ይገጠማል፣ ግድግዳ የለው፣ ከሰዓት ሲሆን ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ይግላል። ጥላው አለ፣ ሰው ግን ከሥሩ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል።

አርክቴክቷ፦ ቆርቆሮ የጠጣውን ሙቀት መልሶ ወደ ታች ይተፋዋል። አናትዎ አጠገብ ከሆነ ያቃጥልዎታል። ከፍ ቢደረግ፣ ከሥሩ ደግሞ የቀርክሃ ምንጣፍ ወይም ሳር ቢወጠርለት፣ በመሐል አየር ቢያልፍ፣ ያው ቆርቆሮ ሌላ ነገር ይሆናል። ቀርክሃ ደግሞ በደጋም ይበቅላል።

መምህሩ፦ እኔን ብትጠይቂኝ ግን ሼድም አያስፈልግሽም። ወሎ ውስጥ ሰው ሲሰበሰብ ምን ይሠራል? ዳስ ይጥላል። ሠርግ ቢሆን፣ ተዝካር ቢሆን፣ ሰደቃ ቢሆን፣ ከአካባቢው እንጨት ተቆርጦ፣ ቅጠል ተጎዝጉዞበት፣ በአንድ ቀን አንድ መንደር ጥላ ውስጥ ይገባል። ነገሩ ሲያልቅ ይፈርሳል። ፀሐዩም ነፃ ይወጣል።

አርክቴክቷ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ ከሚሠራ ይልቅ የዳስ ጉድጓድ ይሥራ። አደባባዩ ኮብልስቶን ሲነጠፍ፣ በየ4 ሜትሩ በድንጋይ የተገነባ፣ ክዳን ያለው ቀዳዳ ይቀመጥ። የገበያ ቀን ሲሆን ነጋዴዋ ክዳኑን አንሥታ ግንዷን ታቆማለች፣ ሸራዋን ትወጥራለች። ጠዋት ብርድ ስለሆነ አትወጥረውም፤ አራት ሰዓት ላይ ትወጥረዋለች። ጥላውን የሚከፍተውም የሚዘጋውም የሚቀመጥበት ሰው ይሆናል። በሌላው ቀን ሜዳው ባዶ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ በዓል ሲመጣ ይሰበሰቡበታል።

መምህሩ፦ ክዳኑ ይሰረቃል።

አርክቴክቷ፦ ብረት ከሆነ ይሰረቃል። ድንጋይ ይሁን።

መምህሩ፦ ድንጋይ ከሆነ ሴቷ አታነሣውም። እሺ፣ እሱን አናጺና ግንበኛ ይፍታው። ሌላ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ቦታውን ማን ያድላል? ቀዳዳው ከተቆጠረ በኋላ ኪራይ ይመጣል፣ ኪራይ ከመጣ ደላላ ይመጣል፣ ከዚያ ከቆላ የምትመጣዋ ሴት ዳር ላይ ፀሐይ ላይ ትቀራለች።

አርክቴክቷ፦ ለዚህ ንድፍ መልስ የለውም፤ አስተዳደር ነው። ቀዳዳው ከሻጮቹ ቁጥር ከበለጠ ግን ሽሚያው ይበርዳል። ቀዳዳ ርካሽ ነው፤ ስለዚህ አብዝቶ መሥራት ይቻላል። ሼድ ግን ውድ ስለሆነ ሁልጊዜ ያንሳል።

መምህሩ፦ ይህን መቼም ከመጽሐፍ አላገኘሽውም።

አርክቴክቷ፦ ከኮንሶ ነው ግማሹ። እዚያ ሞራ የሚሉት የጋራ አደባባይ አላቸው። በላዩ ላይ የሚቆመው ትልቅ የሳር ክዳን ቤት ከታች ክፍት ነው፤ ሰው ይቀመጥበታል፣ ይጫወትበታል፣ ይመክርበታል። ከላይ ባለው ፎቅ ወጣቶች ያድሩበታል። ደረቅ አገር ነው፣ ድንጋያማ ነው፣ ነገር ግን አደባባዩ ባዶ ሆኖ አይውልም፤ ባለቤት አለው። የኮንሶ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የተመዘገበው ለእርከኑ ብቻ ሳይሆን ለዚህም ጭምር ነው።

መምህሩ፦ ባለቤት ያልሽው ጥሩ ነው። ያ ግብፃዊ አርክቴክት፣ ስለ ጭቃ ቤት የሚነሣው፣ ማን ነበር ስሙ?

አርክቴክቷ፦ ሐሰን ፋቲ። በ1940ዎቹ በእነሱ አቆጣጠር ሉክሶር አጠገብ አዲስ ጉርና የምትባል መንደር ሠራ። በጭቃ ጡብ፣ በጉልላት ጣሪያ፣ ለሙቀቱ የሚስማማ። ዛሬም ድረስ በአርክቴክቸር ትምህርት ቤት ስለሷ ይማራሉ። ግን አብዛኞቹ ባለአገሮች ሊገቡባት አልፈለጉም። የነበሩበት ቀዬ ላይ ነበር ኑሯቸው።

መምህሩ፦ አየሽ። አየሩን ያሸነፈ ንድፍ ሰውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ሰው በሌለበት መናፈሻ አትሥሪ። ሰው ወትሮም ቆሞ በሚጠብቅበት ቦታ ጥላ አድርጊ። መናኸሪያው፣ ጤና ጣቢያው፣ የወረዳው ፍርድ ቤት ደጃፍ። ባለጉዳይ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውለው እዚያ ነው። ዩኒቨርሲቲውም አለ፤ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ግቢ ተማሪዎች ቀትር ላይ ወደ ከተማ የሚወርዱበት መንገድ።

አርክቴክቷ፦ መናፈሻ ደግሞ አጥር አለው፣ በር አለው፣ ትኬት ሊኖረው ይችላል። አዲስ አበባ ካሉት ታላላቅ ፓርኮች አንዳንዶቹ መግቢያ ያስከፍላሉ። ለመካነ ሰላም ትኬት ያለው ጥላ አልመኝላትም።

መምህሩ፦ ዛፉንስ ምን ታደርጊዋለሽ? ባሕር ዛፍ ብትዪኝ እነሣለሁ።

አርክቴክቷ፦ ይቀመጡ፣ አልልም። ለቤት መሥሪያውም ለማገዶውም ከተሞቻችንን የያዘው እሱ ነው፤ ለጥላ ግን አይሆንም። ቅጠሉ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ስለሚያድግ ጨረሩ በመሐሉ ያልፋል።

መምህሩ፦ ውኃውንም ይጠጣዋል። ሰው ሁሉ ዋርካ ዋርካ ይላል፤ ዋርካ ግን የወይና ደጋና የቆላ ዛፍ ነው፣ ዋንዛም ዝቅ ሲል ነው የሚመቸው። እዚህ ከፍታ ላይ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ ናቸው የአገሩ ዛፎች። ደንቆሮ ጫካን ሄደሽ እይው፤ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ ውስጥ ያለውን። እዚያ ያለው ነው እዚህ የሚበቅለው። ወይም ሩቅ ሳትሄጂ የየቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር እይ፤ አያቶቻችን የተዉልን የችግኝ መዝገብ እሱ ነው።

አርክቴክቷ፦ ጽድ ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ጥላው ጠባብ ነው።

መምህሩ፦ ጽድን ለከሰዓቷ ፀሐይ ትከይው፣ በምዕራብ በኩል ረድፍ አድርገሽ። ኮሶ ተዘርግቶ ያጠላል፤ ለመቀመጫው እሱ ይሻላል። ወይራ ደግሞ ዝግተኛ ነው፣ ግን ለልጅ ልጅ ነው የሚተከለው። ኮሶ ሲባል ልጆች ይስቃሉ መቼም፤ የሚያስታውሱት መድኃኒቱን ነው። እኛ ዘንድ ያን መጠጣት ቅጣት ነበር።

አርክቴክቷ፦ ውኃው ነው ችግሩ። ችግኝ መትከልስ ለምደናል፤ አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ይተከላል። የሚደርቀው በጥር ነው።

መምህሩ፦ ክረምት የወረደው ውኃ የት ይሄዳል? በሐምሌና በነሐሴ የሚወርደውን ጎርፍ ታውቂዋለሽ። ገበያውን አጥቦ፣ የሰው ማሳ ሸርሽሮ፣ ገደል ነው የሚገባው። ዓባይ አፈራችንን የሚወስደው በከተማም በኩል ነው።

አርክቴክቷ፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ግማሽ ሄክታር የተነጠፈ ገበያ ላይ በአንድ ከሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 100 ሺህ ሊትር ይሆናል። ባለ 200 ሊትሩን በርሜል 500 ጊዜ ይሞላል። ያንን ሁሉ በቦይ ሰብስበን አውጥተን እንጥለውና በጥር በጄሪካን እንሸከማለን። ዛፉ የሚተከልበት ጉድጓድ ከንጣፉ ዝቅ ብሎ ቢሠራና ንጣፉ ወደሱ ቢያዘነብል፣ ውኃው ራሱ ሄዶ ሥሩ ላይ ይገባ ነበር። ኮብልስቶኑም በአሸዋ ላይ ከተነጠፈ በመገጣጠሚያው ጥቂት ያሰርጋል። ሲሚንቶ ካፈሰሱበት ግን ያው አስፋልት ነው።

መምህሩ፦ ያም ሆኖ በጋውን ሁሉ አያደርሰውም።

አርክቴክቷ፦ አያደርሰውም። የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት በጋዎች ሰው ማጠጣት አለበት። እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚወድቀው፤ ምክንያቱም ንጣፉ በአንድ ውል፣ ዛፉ በሌላ ዘመቻ ይሠራል። ተቋራጩ ድንጋዩን አንጥፎ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ችግኙን የሚያጠጣ ሰው በማንም ደመወዝ ላይ የለም።

መምህሩ፦ በፕላን መመሪያችን እኮ 30 በመቶ አረንጓዴ፣ 30 በመቶ መንገድ፣ 40 በመቶ ግንባታ ይላል። የከተማ ፕላን አዋጅም አለ፣ ቁጥር 574፣ በ2000 ዓ.ም. የወጣ።

አርክቴክቷ፦ ወረቀት ላይ 30 በመቶው ብዙ ጊዜ የሚሟላው በወንዝ ዳርና በገደል አፋፍ ነው፤ ቤት ሊሠራበት የማይችለው ሁሉ አረንጓዴ ተብሎ ይቀለማል። ሰው የሚቆምበት ቦታ ላይ ያለ አንድ ኮሶ ለእኔ ከገደል አፋፍ አንድ ሄክታር ይበልጥብኛል።

መምህሩ፦ ይህን አንቺ ለእኔ ከምትነግሪኝ ለማዘጋጃ ቤቱ ጻፊው። ረጅም አታድርጊው፣ ሥዕል አታብዢበት። ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ?

አርክቴክቷ፦ ቀጣዩ ንጣፍ ለጨረታ ሲወጣ የዛፉ ጉድጓድ፣ የዳሱ ቀዳዳና የሦስት በጋ ውኃ ማጠጣት በዚያው በአንዱ ውል ውስጥ ይግቡ፤ ከሥራው ዋጋ ጥቂቱ በእጅ ይቆይና ለተቋራጩ የሚከፈለው በሦስተኛው ሚያዝያ በሕይወት ባለው ዛፍ ቁጥር ይሁን እላለሁ።

መምህሩ፦ ከሥሩ የእኔንም ስም ጨምሪበት፤ በሦስተኛው ሚያዝያ ዛፎቹን ሄጄ የምቆጥረው እኔ ነኝ።